ያልደረሰ ኢሜይል ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ሰኞ ጠዋት ለጀርመን ገዢው የዋጋ ማቅረቢያ በኢሜይል ላከ እንበል። ረቡዕ ከሰዓት ገዢው ደውሎ «ምንም አልደረሰኝም» ይላል። የሽያጭ ኃላፊዋ የአይቲ ባለሙያውን ታስጠራዋለች። እሱም ስክሪኑን አየት አድርጎ «ይመኑኝ፣ ከእኛ ወጥቷል» ይላታል። «ታዲያ የት ገባ?» ስትለው መልስ የለውም። ሳምንት ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ይጠራሉ፤ ይህ ሰርቨር ይቅርብን፣ እንደ ሌላው ሰው ከጉግል ወይም ከማይክሮሶፍት እንከራይ ይላሉ። ባለሙያው ደግሞ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ሰርቨሩ ሥራውን ሠርቷል፣ ጥፋቱ የወዲያኛው ወገን ነው ባይ ነው።

የራሱ የሜይል ሰርቨር ያለው ድርጅት ፈጥኖም ይሁን ዘግይቶ እዚህ ክርክር ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ሁለቱም ወገኖች የሚይዙት እውነት አላቸው። እኔን የሚገርመኝ ክርክሩ ሞቅ ሲል፣ ተመልሶ የመጣውን መልእክት እስከ መጨረሻው መስመር ያነበበ ሰው በስብሰባው ላይ አለመኖሩ ነው።

ተመላሹን ኢሜይል ሁላችንም እናውቀዋለን። መልእክትዎ አልደረሰም ይላል፤ ከሥሩ የማሽን እንግሊዝኛ ይደረደራል፤ ሰው ይሰርዘዋል። ቁም ነገሩ ያለው ግን እዚያው ከታች ባለ 3 አሃዙ ቁጥር ላይ ነው። በ4 ከጀመረ «አሁን አልቀበልም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው፤ የላኪው ሰርቨር መልእክቱን ወረፋ ውስጥ አስቀምጦ ደጋግሞ ይሞክራል። በ5 ከጀመረ ነገሩ አልቋል፤ ምክንያቱ ሳይስተካከል ደግሞ መላክ ትርፉ ድካም ነው። ከጎኑ ያለው ባለ ነጥብ ቁጥር ምክንያቱን ይጠቁማል። 5.1.1 ከሆነ እንዲህ ያለ አድራሻ የለም፤ ወይ ፊደል ተሳስቷል፣ ወይ ሰውየው ሥራ ለቋል። 5.2.2 ከሆነ የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል። 5.3.4 ከሆነ መልእክቱ ከብዷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ ዓባሪ ፋይል በኢሜይል ሲጓዝ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር ከሲሶ በላይ ያብጣል። ስለዚህ የ25 ሜጋባይት ገደብ ያለው ሰርቨር፣ ላኪው ዘንድ 20 ሜጋባይት ብቻ የሆነውን ፋይል ይመልሰዋል። በ5.7 የሚጀምሩት ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። አድራሻውም ትክክል ነው፣ ሳጥኑም አልሞላም፤ ተቀባዩ «አንተን አላምንህም» እያለ ነው።

ያ ባለሙያ «ከእኛ ወጥቷል» ሲል ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ ደግሞ ለየቅል ናቸው። መልእክቱ ከሠራተኛዋ ኮምፒውተር ወጥቶ ሰርቨሩ ወረፋ ላይ ተኝቶ ይሆናል። ወይም ከሰርቨሩ ወጥቶ ወዲያኛው በር ላይ ተመልሶ ይሆናል። ወይም ደግሞ ተቀባዩ ሰርቨር 250 ብሎ ተረክቦታል። ሦስተኛው ከሆነ ክርክሩ ይለወጣል፤ በኢሜይል ሥርዓት 250 ያለ ሰርቨር ኃላፊነቱን ወስዷል፣ ከዚያ ወዲያ መልእክቱ ስፓም ውስጥ ቢወድቅ የላኪው ሰርቨር የሥራ መዝገብ፣ ሎግ የሚባለው፣ አያውቀውም። ፖስትፊክስን በመሰለ ሰርቨር ሎግ ላይ ይህን ለማየት አንድ መስመር ይበቃል። ሰዓቱ፣ የመልእክቱ መለያ፣ የተቀባዩ አድራሻ፣ የወዲያኛው ሰርቨር ስምና አይፒ፣ የፈጀው ሰከንድ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የወዲያኛው ሰርቨር ቃል በቃል የመለሰው መልስ ተጽፏል። ባለሙያው ይህችን መስመር ቆርጦ ለኃላፊዋ ቢሰጣት፣ እሷም ለገዢው ብትልክለት፣ የገዢው አይቲ ክፍል መልእክቱን በመለያው ፈልጎ ማግኘት ይችላል። መስመሯን ሳያሳይ «ወጥቷል» ማለት ግን ባዶ ቃል ነው። አሳይቶ ሲናገር ትክክል ነው፤ ትክክል መሆኑ ብቻውን ቡናውን ባይሸጥለትም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ሰርቨሩን አውጡት የሚሉት ሰዎች የመጀመሪያ ማስረጃቸው መንገዱ ነው። ሰርቨር ለሰርቨር የሚነጋገረው በፖርት 25 ነው። ሎጉ ላይ ለሁሉም ተቀባይ፣ ለጂሜይልም ለያሁም ለጀርመኑም፣ ግንኙነቱ ጊዜው አለፈበት የሚል ከተደረደረ ችግሩ ተቀባዮቹ ዘንድ አይደለም፤ በመሐል ፖርት 25 ተዘግቷል። በዓለም ዙሪያ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ይህን ፖርት ይዘጋሉ። አማዞንና ጉግል ራሳቸው በሚያከራዩት ክላውድ ላይ ወደ ውጭ የሚሄደውን ፖርት 25 ሳይጠየቁ ዘግተው ነው የሚያስረክቡት። አቅራቢውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቫይረስ የገባበት የቤት ኮምፒውተር ሁሉ ለዓለም ስፓም ሲረጭ የኖረው በዚሁ በር ነው።

ቀጥሎ የአይፒው ስም ይመጣል። አንድ አይፒ አድራሻ ሲጠየቅ «እኔ የእገሌ ድርጅት ሜይል ሰርቨር ነኝ» ብሎ የሚመልስ የግልባጭ መዝገብ፣ ሪቨርስ ዲኤንኤስ የሚባለው፣ ሊኖረው ይገባል። ያ ስም ወደ ፊት ሲፈለግም ወደዚያው አይፒ መመለስ አለበት። አስቸጋሪው ነገር መዝገቡን የሚሞላው የዶሜኑ ባለቤት አለመሆኑ ነው፤ አይፒውን የሰጠው አቅራቢ ነው። ጉግል ደግሞ ይህ መዝገብ ከሌለ መልእክትህን ከመቀበል ይቆጠባል። ባለሙያህ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ለዚህ ደብዳቤ ጽፎ፣ ቁጥር አስመዝግቦ፣ ደውሎ፣ ደጅ መጥናት አለበት።

የአይፒው ሰፈርም አለ። ስፓምሃውስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ስቲቭ ሊንፎርድ የመሠረተው ድርጅት፣ ተቀባይ ሰርቨሮች የሚያማክሯቸውን ዝርዝሮች ያወጣል። ከዝርዝሮቹ አንዱ ምንም ያላጠፉ አይፒዎችን የያዘ ነው፤ ለቤትና ለተራ ደንበኛ የተሰጡ፣ በቀጥታ ሜይል ይልካሉ ተብለው የማይጠበቁ አድራሻዎችን ጅምላውን ይመዘግባል። እዚያ መገኘት ወንጀል አይደለም፤ ቋሚ አይፒ ያለው ድርጅት አመልክቶ ራሱን ማውጣት ይችላል። ግን ሥራ አስኪያጁ «ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባን» የሚለውን ሲሰሙ ይህን ልዩነት ማን ያስረዳቸዋል?

በራስ ጥፋት መመዝገብ ደግሞ ሌላ ነው፤ መልኩም ያስታውቃል። ሁልጊዜ አሥርና ሃያ መልእክት የነበረው ወረፋ አንድ ቀን ጠዋት በሺህ ይቆጠራል፤ ተቀባዮቹ ድርጅቱ ሰምቷቸው የማያውቅ ሰዎች ናቸው፤ ላኪው ግን በሙሉ አንድ ሠራተኛ ነው። የዚያ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ተሰርቋል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ወረፋው ይቁም፣ ቃሉ ይቀየር፣ የተከማቸው ስፓም ይጠረግ፤ ከመዝገቡ ሰርዙን ብሎ ማመልከት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎች ከመጨረሻው ይጀምራሉ። ይሰረዛሉ፣ ወዲያው መልሰው ይመዘገባሉ፣ ሁለተኛው ልመና ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይቀልም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ የሚያደላ ይመስላል። ባለሙያው ግን መልስ አለው፤ ቀላልም አይደለም። ቤት ያለ ሰርቨር ላይ ምን እንደሆነ ታያለህ ይላል። ተከራይ ስትሆን አስተዳዳሪው የመልእክቶችን ጉዞ የሚያይበት ገጽ ይሰጥሃል፤ የሚያሳይህ ግን አከራዩ ሊያሳይህ የፈለገውን ያህል ነው። መልእክቱ ለምን እንደዘገየ፣ ለምን በጋራ አይፒ እንደወጣ፣ ጎረቤት ተከራይ ባጠፋው ለምን አንተ እንደተመለስክ ጠይቀህ የምታገኘው በቅጽ የተዘጋጀ መልስ ነው። ገደብም አለ። የጉግል የድርጅት ተጠቃሚ በቀን ከ2,000 በላይ መልእክት መላክ አይችልም፤ ማይክሮሶፍት በቀን 10,000 ተቀባይ ላይ ያቆማል። ለአንድ ጽሕፈት ቤት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለሁሉም ደንበኛ በየወሩ ደረሰኝ ለሚልክ ድርጅት ግን በወሩ መጨረሻ ቀን ላይ የሚገጥም ግድግዳ ነው።

ደግሞ በኪራይ የማይተላለፍ ሥራ አለ፤ የዶሜኑ ማንነት። ይህን ለማስረዳት ከባንክ አሠራር የተሻለ አላገኘሁም። ድርጅቱ ባንክ ዘንድ የፈራሚዎቹን ናሙና ያስቀምጣል፤ ኢሜይል ላይ ኤስፒኤፍ የሚባለው መዝገብ ይኸው ነው፣ በድርጅቱ ስም መላክ የሚችሉት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው ብሎ የዶሜን ስሞች ማውጫ በሆነው ዲኤንኤስ ላይ ያስታውቃል። ዲኪም ደግሞ ማህተሙ ነው፤ ሰርቨሩ እያንዳንዱን መልእክት ሌላ ሰው በማይዘው ቁልፍ ያትመዋል፣ ተቀባዩ በዲኤንኤስ ላይ በተለጠፈው ጥንድ ቁልፍ ያመሳክራል። ዲማርክ የሚባለው ደግሞ ለባንኩ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ፊርማውም ማህተሙም ካልተገናኘ አሳልፉት ግን አሳውቁን፣ ወይም ወደ ጎን አድርጉት፣ ወይም መልሱት ይላል። ወደ ጉግል የተዛወረ ድርጅት እነዚህን ሦስቱን በራሱ ዲኤንኤስ ላይ ካልጻፈ ጉግል አይጽፍለትም።

ከተዛወሩ በኋላ መልእክቱ መመለሱን የሚቀጥልባቸው ድርጅቶች ዘንድ ሲታይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ኤስፒኤፉ አሁንም የድሮውን ሰርቨር ብቻ ይጠራል። ወይም ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ተጽፏል፤ ሁለት ማለት ደግሞ እንደ ስህተት ይቆጠራል። ወይም ድረ ገጹ ላይ ያለው የ«ያግኙን» ቅጽ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩና ሰነድ የሚያነሳው ስካነር በድርጅቱ ስም ከሌላ ቦታ ይልካሉ፤ ሲዛወሩ ማንም አላስታወሳቸውም። እነሱን ሁሉ ለመጨመር ሲሞከር ደግሞ ኤስፒኤፍ ሲመረመር ከ10 የዲኤንኤስ ፍለጋ በላይ አይፈቅድም፤ አሥራ አንደኛው ላይ ሙሉ መዝገቡ ይወድቃል። ሥራ አስኪያጁ ከሰርቨሩ ጋር ተገላገልን ያሉትን ግማሽ ያህል ችግር ይዘውት ተዛውረዋል ማለት ነው።

በነዚህ ሕጎች ራሳቸው ላይም ክርክር አለ፤ እሱም ሁለት ጎን አለው። የኢሜይል መሠረት የሆነውን ኤስኤምቲፒን ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጽፈው የላኪውን ማንነት የሚያጣራ ነገር አልነበረውም፤ ያኔ መረቡ ላይ የነበሩት ጥቂት ተቋማት ነበሩ፤ ይተዋወቁ ነበር። የዛሬው ጥበቃ ሁሉ በዚያ ላይ የተለጠፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ በብዛት የሚልክ ሁሉ፣ ጉግል ዘንድ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ፣ ሦስቱንም እንዲያሟላ፣ የስፓም ቅሬታውም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ደነገጉ። ትንሹም ላኪ ቢሆን ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው፣ የግልባጭ መዝገቡም እንዲሞላ ግዴታ ሆነ። ማይክሮሶፍት ለግል ሳጥኖቹ በሜይ 2025 ተከተለ። የጂሜይል 5.7.26 የሚባለው መመለሻ የሚናገረው ስለዚሁ ነው፤ ማንነትህ አልተረጋገጠም ይላል።

ደጋፊዎቹ ተጎጂውን ያሳያሉ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2023 በተቀበላቸው አቤቱታዎች ብቻ በድርጅት ኢሜይል ስም በተፈጸመ ማታለል የጠፋው ገንዘብ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሆነ ዘግቧል። አሠራሩ አስመጪዎቻችንም የሚያውቁት ነው፤ ከአቅራቢው የመጣ የሚመስል ኢሜይል «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን በዚህ አድርጉ» ይላል። ማህተሙ የሚጣራበት ሥርዓት ባይኖር ሐሰተኛው በትክክለኛው አድራሻ ስም ይጽፍ ነበር።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የሕጉን ይዘት አይክዱም፤ የፈራጁን ማንነት ነው የሚጠይቁት። ጥቂት ግዙፍ ድርጅቶች የሚደርሰውንና የማይደርሰውን ይወስናሉ፤ በስህተት የተመለሰ ትንሽ ላኪ አቤት የሚልበት ሰው የለም። ጉግል የላኪዎችን ዝና የሚያሳይ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን በቀን ጥቂት መልእክት ለሚልክ ዶሜን ባዶ ገጽ ነው የሚያሳየው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ያሁ የራሱን ዶሜን ዲማርክ በድንገት ወደ «መልሱት» ሲያዞር፣ በቡድን የሚያስተላልፉ ዝርዝሮች ላይ የያሁ ተጠቃሚዎች የጻፉት ሁሉ ሌሎች ሰርቨሮች በር ላይ ይመለስ ጀመር። ጥፋተኛ ያልሆኑ ሰዎች ተጎድተዋል። እኔ ሕጉ ልክ ነው እላለሁ፣ አፈጻጸሙ ግን ከድርጅቶቹ ሀብት ጋር የማይመጣጠን ቸልተኝነት አለበት። ቢሆንም ይህ ቅሬታ ዲኪም ላለመትከል ምክንያት ሊሆን አይችልም። ተክሎ መጨረስ ለሚያውቅ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ቤት ወይስ ኪራይ የሚለው ጥያቄ በአገራችን የሚፈተንበት ራሱን የቻለ ፈተና አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ በሞላ ጎደል ሲቋረጥ፣ መቋረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። አንድ ሰርቨር ያልደረሰ መልእክትን ወረፋ ላይ ስንት ቀን ይዞ እንደሚሞክር አስቡ። የፖስትፊክስ ልማዱ 5 ቀን ነው፤ የማይክሮሶፍቱ ኤክስቼንጅ 2 ቀን። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሰርቨር የነበረው ድርጅት ወደ ውጭ የላከው አብዛኛው ወረፋ ላይ ጊዜው አልፎ ተመልሷል። ከዚያ የከፋው ከውጭ የተጻፈለት ነው፤ የውጭ ደንበኛው ሰርቨር ቀናት ሞክሮ «አልደረሰም» ብሎ ለጸሐፊው መልሷል። ደንበኛው ድርጅቱ የተዘጋ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሳጥኑን ውጭ የተከራየው ድርጅት የተጻፈለት ሁሉ እዚያው ተጠራቅሞ ጠብቆታል።

ይህ ለኪራይ ትልቅ ነጥብ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሰርቨሩ ቢሮ የነበረው ድርጅት ሠራተኞች እርስ በርስ መጻጻፍ አላቋረጡም፤ መልእክታቸው ከሕንፃው አይወጣም። የተከራዮቹ ሠራተኞች ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወረቀት መቀባበል ነበረባቸው፤ በኮምፒውተራቸው ቅጂ ያላስቀመጡትን የድሮ መልእክትም መክፈት አልቻሉም። ሥራው ከውጭ ጋር የሆነ ላኪ ድርጅትና ሥራው በዋናነት እዚያው ሕንፃ ውስጥ ባሉት ሠራተኞቹ መካከል የሆነ ድርጅት ከዚህ አንድ ክስተት ተቃራኒ ትምህርት ቢወስዱ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ገንዘቡም እንደዚሁ ነው። የጉግልና የማይክሮሶፍት የቢሮ ጥቅሎች ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2025 በአንድ ሰው በወር ከ6 እና 7 ዶላር አካባቢ ይጀምር ነበር። 40 ሠራተኛ ላለው ድርጅት በ6 ሒሳብ 240 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ይህ በባንክ ተመን ከ14,000 ብር በታች ነበር፤ ዶላሩ 100 ብርን ሲሻገር ከ24,000 ብር በላይ ሆነ። ሠራተኛ አልጨመረም፣ አገልግሎት አልተሻሻለም። ከዋጋው ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን መክፈያው ነው፤ ካርዱ በቀጠሮው ቀን ካልሠራ የድርጅቱ ሳጥን በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ባለሙያው ይህን ሲያነሳ ማንም አይመልስለትም። የራሱን ወጪ ሲያሰላ ግን ሃርድ ዌሩን ብቻ ይቆጥራል፤ ዩፒኤሱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ቋሚ አይፒውን፣ ቅዳሜ ማታ ተጠርቶ የሚመጣበትን ታክሲ ይረሳል። የራሱን ደመወዝማ ጭራሽ አያነሳውም።

ጥገናውም አለ። በማርች 2021 ኤክስቼንጅ ላይ የተገኘው ቀዳዳ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ለሰርጎ ገቦች ከፍቷል፤ የተጠቁት የድርጅቶች የራሳቸው ሰርቨሮች ነበሩ፣ የማይክሮሶፍት ክላውድ አልነበረም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ማይክሮሶፍት ካረጁና ካልታደሱ የኤክስቼንጅ ሰርቨሮች ወደ ክላውዱ የሚመጣን መልእክት ደረጃ በደረጃ ማዘግየት፣ ከዚያም መመለስ ጀምሯል። የኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ በዚህ ሰርቨር ላይ ያለ ድርጅት ዲኪሙንም የግልባጭ መዝገቡንም አስተካክሎ አንድ ቀን በሰርቨሩ ዕድሜ ብቻ ሊመለስ ይችላል። ሌላኛው ወገን ምሥጢር በሰው እጅ አይቀመጥም ይላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ዳታው የት አገር እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ሆኗል። ያልታደሰ ሰርቨር ግን ምሥጢሩን ቤት ውስጥ ሆኖም አይጠብቅም።

ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ የማያነሱት መካከለኛ መንገድ አለ። ሳጥኑ፣ ሎጉ፣ የሠራተኞች መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ የሚሄደው መልእክት ብቻ ዝና ባለው አስተላላፊ ሪሌይ በፖርት 587 በኩል ይወጣል። ፖርት 25 መዘጋቱ፣ የአይፒው ሰፈር፣ የግልባጭ መዝገቡ ደጅ ጥናት ሁሉ የላኪው ጭንቀት መሆናቸው ይቀራል። ዋጋው ከኪራዩ ጋር አይወዳደርም፤ የአማዞኑ አገልግሎት ለ1,000 መልእክት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል። እንከኑ ሁለት ነው። የሚሄደው መልእክት በሌላ ሰው እጅ ያልፋል፤ ክፍያውም ትንሽ ቢሆን እንኳ በዶላር ነው። ወደ ውስጥ የሚመጣውን መልእክት ደግሞ ጭራሽ አያድነውም፤ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከወደቀ ወድቋል።

የእኔ ፍርድ የሚወሰነው በድርጅቱ ስፋት ወይም በሀብቱ አይደለም፤ «ለምን አልደረሰም?» ተብሎ ሲጠየቅ በዚያው ቀን የሎጉን መስመር አውጥቶ የሚያሳይ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ይወስነዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ እሱ ሲታመም የሚተካውም ሁለተኛ ሰው ካለ፣ ሰርቨሩን ቤት አቆዩት፤ የሚወጣውን በሪሌይ አሳልፉ። ከሌለ፣ ወይም ያለው አንድ ልጅ ሆኖ እሱም ኔትወርኩንም ካሜራውንም ፕሪንተሩንም የሚይዝ ከሆነ፣ ዶላሩ ቢያምም ተከራዩ። ውጭ አገር ደንበኛ ያለው ድርጅት ከሆነ ደግሞ ሳታመነቱ። በደብዳቤ ራስጌ ላይ የነጻ ጂሜይል አድራሻ አትሞ መቀመጥን ግን እንደ ሦስተኛ አማራጭ አልቆጥረውም፤ ሠራተኛው ሲለቅ ደንበኛውን ይዞ እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

የመረጣችሁት የቱም ይሁን፣ አንድ ነገር ነገ ጠዋት አጣሩ። የዶሜኑ ምዝገባና የዲኤንኤሱ መግቢያ በማን ስም፣ በማን ኢሜይልና ስልክ ነው? ከዓመታት በፊት በለቀቀ ሠራተኛ የግል አድራሻ ላይ ከሆነ የማሳደሻው ማስታወሻ የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ ዶሜኑ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ቤት ያለውም የተከራያችሁትም ሰርቨር በአንድ ቀን መላክ ያቆማሉ። በድርጅቱ ስም አዛውሩት፤ የይለፍ ቃሉን በፖስታ አሽጋችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ።